ኮፈኑ ላይ የተሳለው

ገብረሕይወት እንግሊዝኛ የተማረው ናይሮቢ፣ ከአንዲት የለንደን ሴት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ሲያትል ሲገባ አሜሪካኖቹን መስማት ከበደው እንጂ የራሱን እንግሊዝኛ ተጠራጥሮ አያውቅም።

ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ሥራ እንደያዘ አሮጌ ዶጅ መኪና ገዛ። እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸውን አረጋውያን ያመላልስበታል። ቀለሙ ተላልጦ ስለነበር ሬኒየር ቢች ጋራዥ ላለው ዱዌን ለሚባል ቀለም ቀቢ ሰጠው፤ ነጭ ሆኖ በጎኑ ወርቃማ መስመር እንዲኖረው። ክላክሱም ድምፁ ደክሞ ነበርና፣ የናይሮቢ አውቶቡሶች ላይ ያየው ዓይነት የሚያብረቀርቅ ጥንድ ክላክስ አማረው። የለንደኗ አስተማሪው ክላክስን «ሁተር» ነበር የምትለው።

ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ፣ «እዚህ ላይ ሁለት ትልልቅ ሁተር አድርግልኝ» አለው።

ዱዌን ቀና ብሎ አየው። «እርግጠኛ ነህ? የቤተ ክርስቲያን ሰው መስለኸኝ ነበር።»

«ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው። ሰው ከሩቅ እንዲያውቀን።»

ሐሙስ ከሰዓት የጸሎት መሪያቸውን እትዬ ፋንታዬን ከክሊኒክ በአውቶቡስ ይዞ ሲመለስ ጋራዡ ጎራ አሉ። ዱዌን ሸራውን ገለጠ።

ኮፈኑ ላይ ራስ የሌላት ሴት ራቁት ደረት ተስሏል። ጡቶቹ ሐብሐብ ያካክላሉ። ቆዳው ላባው የተነጨ ዶሮ ይመስላል፤ ላብ እንዲመስል ቫርኒሽ ጠብ ጠብ ተደርጎበታል። የገብረሕይወት አፍ በጎምዛዛ ምራቅ ተሞላ።

እትዬ ፋንታዬ የዝናብ ካፖርታቸውን አውልቀው ኮፈኑ ላይ ጣሉት።

«ሁተር ያልከው አንተ ነህ» አለ ዱዌን። «እዚህ አገር ሁተር ይሄ ነው።» ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳየው።

ገብረሕይወት በመኪናው መስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ተጫነ። ክላክሱ ጢጥ አለ። «ያልኩህ ይሄን ነው።»

ዱዌን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የኮፈኑ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ታርጋው ሳይቀር ይታያል። መጪ ሂያጁ ሁሉ አይቶታል ማለት ነው። ገብረሕይወት የቃሉ ስህተት የእሱ መሆኑን አልካደም። ያንገሸገሸው ግን ከነታርጋው ለሰው ሁሉ መታየቱ ነው። ፎቶውን ገንጥሎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ብለኸው ነው ልጄ?» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

«ክላክስ ነበር ያልኩት፣ እትዬ።»



ዱዌን ሰኞ መልሼ እቀባዋለሁ አለ። ገብረሕይወት እንዲነካው አልፈቀደም። የብርጭቆ ወረቀት ተቀብሎ፣ ካፖርቱን ወደ ጎን አድርጎ እዚያው ፋቀው። ሮዙ ብናኝ ላቡ ላይ ተለጠፈ፣ ጥርሱ መሃል ገባ፤ ሁለቴ ወጥቶ ተፋ። ብረቱ ነጥቶ ሲወጣ እትዬ ፋንታዬ ካፖርታቸውን አንስተው አሸተቱት። መልሰው አልለበሱትም። በር ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለውት፣ ዝናቡ እየመታቸው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።