ስድስቱን በአንድ ጠርሙስ

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ቆጥቤ ይለዋል፤ የተጣለ ጓንት አጥቦ የሚያሰጣ ባልደረባ ነው። ያን ጠዋት ተመራማሪዋ ሕዋሳት የምታሳድግበትን ማሞቂያ ሣጥን ስትከፍት ስድስቱ ጠርሙሶቿ የሉም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ጢም ብሎ ተቀምጧል።

«ሁሉንም እዚህ ጠቀጠቅካቸው?» አለችው።

«ምግባቸውን ልቆጥብልሽ ብዬ ነው። ስድስት ጠርሙስ ሙሉ ምን ያደርግላቸዋል?»

አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሰች። ሕዋሳቱ ተኮማትረው፣ ተበጣጥሰው አልቀዋል። ሆስፒታሉ ላይኛው ፎቅ ታማ ከተኛችው ከታላቅ እህቷ ደም የወጡ፣ ካንሰሯን እንዲገድሉላት ስታሳድጋቸው የከረመች ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እህቷ ደሙን የሰጠችው በስንት ልመና ነው። «ከእንግዲህ ክንዴን እንዳትነኩኝ» ብላም ነበር።

ቆጥቤ ራሱን አከከ። «የአንድ ሰው ደም አይደሉም እንዴ? ምን አጣላቸው?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ገዳዩ ፕሮቲን ያለው ላያቸው ላይ ነው። ስንቴ ልንገርህ? ካንሰሩን ሲነኩት በእሱ ነው የሚገድሉት። አንዴ ከነቁ ደግሞ ራሳቸውም አይችሉትም፤ ከተጠጋጉ ይጨራረሳሉ። አራርቄ ያስቀመጥኳቸው ቦታ ተርፎኝ መሰለህ?»

«እኔ እኮ ላግዝሽ...»

«በናትህ፣ አታግዘኝ።»

ደረጃውን ወጥታ እህቷ ክፍል ገባች። እህቷ ገና ፊቷን ስታይ ገባት።

«ሞቱ?»

«እርስ በርስ ተጨራረሱ፣ እትዬ። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅጥቀው አደሩ።»

እትዬ ፊቷን ወደ ጣሪያው አዞረች። ተናዳለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ነርሷ ደም ሥር በፈለገች ቁጥር እህቷ ምን ያህል እንደምትሠቃይ ታናሽየዋ ታውቃለች፤ እንደገና ስጪኝ ለማለት አፏ እንቢ አላት።

«እኛስ በልጅነታችን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ምን ነበርን?» አለች እትዬ፣ ሳትስቅ። «የረገጥሽኝ እስካሁን ጎኔ ላይ አለ።»

ክንዷን ቀና ስታደርግ እጅጌው ሳትሰበስበው በራሱ እስከ ትከሻዋ ተንሸራተተ። ያን ያህል ከስታለች።

«ደም ሥሩን ካገኘሽው ውሰጂ። ከዚህ በኋላ ግን የለኝም። አደራ፣ ለየብቻ አስተኚያቸው።»

ታናሽየዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ ደም ሥር መፈለግ ጀመረች።