የሴቶቹ በር

«እማ፣ አስማረ በየት በር ገባ?»

ይርዳው የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ አቀባብሎ እናቱ ብርቄ ፊት ቆሟል። አባቱ ሞላ ከቤተ ክርስቲያኗ ደረጃ ላይ በደሙ ተነክሮ ተዘርግቷል።

ደሴት ማርያም ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ያቀፋት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። የወይራ ምሰሶዎቿን የሁለቱ ማዶ ሰዎች እኩል እንዳቆሙ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ጣራዋን የወዲህ ማዶ፣ ግማሹን የወዲያ ማዶ ሰው ሣር ይከድናል። ብርቄ የተወለደችው ከወዲያ፣ ያገባችው ከወዲህ ነው። ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት የወዲህ ማዶዎቹ ቆርቆሮ አመጡ። ዛሬ ጠዋት ሞላ ጣራው ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሲመታ፣ ወንድሟ አስማረ ከሣሩ በኩል ሆኖ ሳቀበት።

«እመቤታችንን እንደ ድስት ልትከድናት ነው?»

«አንተ አይጥ ከምታረባበት ሣር ይሻላታል!»

ሳቁ ወደ ስድብ፣ ስድቡ ወደ ዱላ ዞረ። አስማረ በሽመሉ ሞላን ማጅራቱን መታው። ሞላ ከጣራው ቁልቁል ወርዶ የደረጃው ድንጋይ ላይ ተፈጠፈጠ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አስማረ በደቡብ በኩል፣ በሴቶቹ በር ሮጦ ገባ። ወንድ የማያልፍበት በር ነውና ማንም አላሰበውም። ያየችው ብርቄ ብቻ ናት።

ይርዳው እናቱ ፊቷን ወደ ሬሳው ስታዞርበት ወደ ወንዶቹ በር ሄዶ ተኮሰ። የወይራው ሳንቃ ተሰነጠቀ። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ዘርግተው ከበሩ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ! በታቦት ፊት?»

«አባቴስ በማን ፊት ነው የተገደለ? ዞር ይበሉ፣ እርስዎንም አልምርም!»

ብርቄ የሚመጣው ታያት። ልጇ አጎቱን ከገደለ ቤቱ ጫካ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የአስማረ ልጆች ጥይት አለ። በሴቶቹ በር ገባች። አስማረ ከምሰሶ ሥር ተኮማትሮ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ በማርያም…»

«ስሟን አትጥራ! ተነሥ!»

የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረች፤ ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ እንደሚሄዱት። ጎትታው ወጣች። ይርዳው ከወንዶቹ በር ሮጦ መጥቶ አነጣጠረ።

«ዞር በይ፣ እማ!»

«ከሳሹ እኔ ነኝ። የገደለው ባሌን ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ወስጄ ዳኛ ፊት አቆመዋለሁ።»

«አባቴን ሳትቀብሪው?»

«አንተ ቅበረው። በንጹሕ እጅህ።»

አፈሙዙ አልወረደም። ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታው ወንዙ ውስጥ ገባች። ይርዳው ከአባቱ ሬሳ ጋር ቀረ፤ ብርቄና አስማረ እንደተቋጠሩ ሄዱ።