በሦስተኛው ቱቦ አፍ ላይ

1.

ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቅልም።

2. መመሪያ ለአንባቢ

መኪናህን ጋራዥ ካስገባህ እዚያው ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ስልክ ቢደወል አታንሳ። መካኒኩ "ሄደው ይረፉ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ" ካለህ ወንበርህን ወደ ሞተሩ አስጠጋ።

3.

መካኒኩ ሽብሩ ይባላል። አዳማ ውስጥ እጁ ንጹሕ ነው ይሉታል፤ እኔ የሚባለውን አላምንም። የመኪናዬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ነው። የድሮው ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ ጭሱ ጋቢና እየገባ ቢያስለኝ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቱቦ ያለውን አዲሱን፣ ጭስ እንዳይሾልክ መሀል ከሚገባው ጋስኬቱ ጋር፣ ገዝቼ አመጣሁ።

ራሴ።

ጎረቤቴ አዲስ ዕቃ ሰጥታ አሮጌ ተገጥሞላት ነው የተመለሰችው።

4.

ይህን ቁጥር ለጊዜው ዝለለው። እኔም ዘልዬዋለሁ።

5.

ሽብሩ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ቱቦዎቹን ከሞተሩ ጎን ገጠማቸው። ቡሎኖቹን በእጁ አስጀመረና ከመሀል ወደ ዳር እየሄደ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃቸው ጀመር።

"ለምን አንዱን አትጨርስም?" አልኩት።

"አንዱን ቀድሜ ካጠበቅሁት ሌላው ይንሻፈፋል፣ እትዬ አልጋነሽ።"

መልስ አያጣም። መልስ የማያጣ ሰው ደስ አይለኝም።

6.

ሞተሩ ተነሳ።

ጠቅ።

ጠቅ ጠቅ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

7. ቃል በቃል

እኔ፦ ይህ ጠቅታ ጭስ ሲሾልክ ነው! ጋስኬቴን ለውጠኸዋል!

ሽብሩ፦ ኧረ በእግዚአብሔር፣ እትዬ! እዚሁ ቁጭ ብለው እያዩ?

እኔ፦ ሌባ! ሌባ ነህ!

(የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አጥናፉ ከቢሯቸው ወጡ። የደንበኛ ዕቃ ነካ የተባለ መካኒክ ከዚህ ግቢ እንደሚባረር ሁሉም ያውቃል። ሽብሩ ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ብረቱ ገና ትኩስ ስለነበር ጣቱ ተቃጠለ።)

ሽብሩ፦ ጋስኬቱ ያው የእርስዎ ነው፣ ይኸው። ሦስተኛው ቱቦ አፍ ላይ ግን የሆነ ነገር አሮ ተጣብቋል። ጭሱ የሚሾልከው በዚያ ነው።

አጥናፉ፦ ምንድን ነው እሱ?

ሽብሩ፦ እንጃ። ጠርጌው ነበር... ሳላየው ቀርቼ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።

4.

አሁን አንብበው።

ሽብሩ ቱቦዎቹን ጠርጎ ምሳ ሲሄድ ከቦርሳዬ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣሁ። ዕቃዬን ቢለውጥብኝ እንዳውቅ ምልክት ላደርግበት ነው። ውጭውን ብቀባው አይቶ ሌላው ላይም ይቀባል ብዬ፣ ሞተሩ ላይ የሚያርፈውን ፊቱን ቀባሁት። ሦስተኛው ቱቦ አፍ ላይ። ወፈር አድርጌ።

ሽብሩ ሲመለስ የቱቦዎቹን አፍ አገላብጦ አላየም። የጠረገውን ዕቃ ማን ይነካብኛል ብሎ ይሆናል።

8.

ሽብሩ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ የመፍቻ ሳጥኑን እየዘጋ ነው። አፍሬያለሁ። ዓይኔ ግን አሁንም ሳጥኑ ላይ ነው፣ የኔ ነገር ገብቶበት እንደሆነ ብዬ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እኔን የጠረጠረኝ አንድም ሰው የለም።

አጥናፉ፦ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ይህ ሰው ነገ እዚህ ይግባ ወይስ አይግባ? እርስዎ ይንገሩኝ።

እኔ፦