በጎኑ የሚተኛው ዓሣ

ሐረገወይን ለወንድሟ ልጅ ክርስትና እንፍራንዝ ስትሄድ ዓሣዎቿን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። አዘዞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በራችን ፊት ለፊት ነው። ልጅ የላትም፤ ባሏ አንዳርጋቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላትን ዓሣዎች ነው በመስተዋት ገንዳ የምታሳድገው። ሎች ይባላሉ። ብርቱካንማ ሆነው ጥቁር መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ፤ ከአፋቸው ሥር እንደ ድመት ጢም አላቸው። አንዳርጋቸው ራሱ ለሰሊጥ ሥራ ሳንጃ ከወረደ ሰነባብቷል።

እኔ ልጄ ጸሎት ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መኪና የገጫት የሚመስለኝ ሰው ነኝ። አደራ ሲጨመርበት ጭራሽ ባሰብኝ። በማግስቱ ጠዋት ምግባቸውን ልሰጥ ስገባ ትልቁ ዓሣ አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። መስተዋቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ሌሎቹ ከእንጨቱ ሥር ተሸሽገዋል። በቃ ገደልኩት አልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሰው መርዶ የሚረዳው ቤቱ ገብቶ፣ አጠገቡ ደጋፊ ኖሮት ነው። ለእሷ ደግሞ እነዚህ ዓሣዎች ልጆቿ ናቸው። ደወልኩላት። ምነው ድምፅሽ፣ ምን ሆነሻል አለችኝ።

«ምንም የለ። ዛሬውኑ ነይ ብቻ። ብቻሽን ግን አትምጪ።»

ወዲያው ስልኩ ተዘጋ። ታች ቤት ለምትኖረው ለኤልሳ፣ ሐረገወይን ስትመጣ አጠገቧ እንድትሆን ነገርኳት። ለዓሣ ነው ማለቱ አሳፍሮኝ ምክንያቱን ሳልነግራት ቀረሁ። እሷም የሰማችውን ለጎረቤቱ አዳረሰች።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ሲቆም ጩኸት ሰማሁ። ሐረገወይን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «አንዳርጋቸው! ወንድሜን!» ትላለች። አጎቷ አያ ክንዱ ደግፈዋታል፤ ከኋላቸው ለክርስትናው የተሰበሰበው ዘመድ ይወርዳል። ለካ ባሏ የሞተ መስሏት መንገዱን ሙሉ ስትደውልለት ኔትወርክ እምቢ ብሏት ነበር። የጎረቤት ሴቶች ደረታቸውን ይደልቁ ጀመር፤ ኤልሳማ ከሁሉም ትብሳለች።

ሮጬ ወረድኩ። መሐላቸው ገብቼ እሱ አይደለም አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ደግሜ ጮክ አልኩ። ልቅሶው ከዳር ጀምሮ ጋብ እያለ መጣ።

«ታዲያ ማን ነው?» አለችኝ ሐረገወይን።

«ትልቁ ዓሣ ነው።»

ተያይዘን ወጣን። ትልቁ ዓሣ ከጓደኞቹ ጋር ወዲያ ወዲህ እየዋኘ ነው። ሐረገወይን ገንዳውን አየችና በጎረነነ ድምፅ፣ ሲተኛ ልማዱ ነው፣ በጎኑ ነው የሚተኛ አለች።

አያ ክንዱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ሸጋ ነው። ከመጣን አይቀር ሰልስቱን በልተን እንሄዳለና።»

በር ላይ የቆሙት ሳቁ። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ሐረገወይን አልሳቀችም፤ እንደገና ደወለች። በዚህ ጊዜ አንዳርጋቸው አነሣ። ድምፁን ስትሰማ አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ ማን ሞተ እያለ ይጨነቃል። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ ንገሪው። አሁን፣ በስልክ።»

ስልኩን ተቀበልኩ።

«አንዳርጋቸው፣ ብርነሽ ነኝ። የሞተ ሰው የለም» አልኩ።

«ታዲያ ሚስቴን ምን ያስለቅሳታል?»

ያ ሁሉ ዘመድ እያየኝ፣ ፊቴ እየነደደ፣ ዓሣው ተኝቶ እንዳገኘሁት ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።