የሽማግሌዎቹ መስመር

ሞሪስ ሊንድነር በተቀበረ ማግስት ልጁ ሌኒ ከቀብሩ የተረፈ የፖም ኬክ ይዛ አልዊን ኖስኬ ቤት መጣች። አልዊን ሰማንያ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ሚስቱ ኤዲት ከሞተች ወዲህ በትንሿ ከተማቸው በሮዘንፌልድ ዳር፣ የስንዴው ማሳ በሚጀምርበት ቤት፣ ከአንድ ያረጀ ውሻ ጋር ይኖራል። እሱና ሞሪስ በከተማዋ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አብረው ነው ያረጁት፤ ሞሪስ ጥሩምባ ይነፋ፣ እሱ ትልቁን ከበሮ ይመታ ነበር።

«አጎቴ አልዊን፣ ቆመህ ከምታየኝ ሻይ አፍላልኝ እንጂ» አለችው ገና ከበሩ።

«አባትሽም እንዲህ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ያዛል።»

ሻዩን እየጠጡ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ሌኒ በዋናው ከተማ፣ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ስላጠፉ ሰዎች በሚያጠና ቢሮ ነው የምትሠራው። ሞሪስ በሄደበት ሁሉ በልጁ ሲኮራ አልዊን ይሰማ ነበር እንጂ ሥራው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። እሷም ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየችው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምረው ወደ ቀኝ የሚሄዱ፣ ከመቶ ሺህ ሰው በየዓመቱ ስንቱ ራሱን እንዳጠፋ የሚያሳዩ፣ ከፍ ዝቅ የሚሉ መስመሮች።

«ላዩ የወንዶች ነው፣ ታቹ የሴቶች። እዚህ ጋ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ወንዶቹ ሽቅብ ይወጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ ይወርዳሉ። ይሄ ደግሞ የወጣት ወንዶች ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ሲያሻቅብ ኖሮ በኋላ ወደ ታች ታጠፈ። ከከተማ በራቅህ ቁጥር ከፍ ይላል። የነባሮቹ የአገሬው ሰዎች፣ አያቶቻችን ከባሕር ማዶ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ የነበሩት፣ ለብቻው ነው። በደንብ መቆጠር የጀመረው በቅርቡ ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ከፍ ያለ ነው። ወጣቶቻቸው ናቸው የሚያልቁት።»

አልዊን መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ መስመሮቹን አየ። እሷ ቁጥር ታያለች፤ እሱ ግን ዓመቶቹን ነበር የሚያየው። ያቺ ትንሽ ዝቅታ እሱና ኤዲት የተጋቡባት ዓመት ናት። ከዚያ ወዲህ ያሉት በጋዎች የሙዚቃ ጓዱ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞርባቸው ነበሩ። አቧራው ጥሩምባው ውስጥ እየገባ፣ ቢራው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ሞሪስ ከመኪናው ላይ ሆኖ መንገድ ዳር ላሉ በጎች እየነፋላቸው። የከተማዋ የጭፈራ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞላ ነበር። ያኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ባለበት፣ መስመሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

«ይሄ ከሁሉም በላይ ያለውስ የማን ነው?»

«ሰማንያ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ወንዶች።»

«እንኳንም ገና አልገባሁ!» ብሎ ሳቀ።

ሌኒ አልሳቀችም። ሲኒዋን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

ፊቱ ጋለ። ይህች ዳይፐሯን ሲቀይርላት የነበረች ልጅ ናት እንዲህ የምትጠይቀው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ይህንኑ ጥያቄ እሱ ራሱ በድርቁ ዓመት ለአባቷ ማቅረቡ ትዝ አለውና ቁጣውን ዋጠ።

ያን ዓመት ዝናብ እምቢ ብሎ፣ በጎቹ አልቀው፣ የሞሪስ ኩሬ ተሰነጣጥቆ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሞሪስ ልምምድ ላይ መጣና ጥሩምባውን ለሙዚቃ ጓዱ ሰጠ። «ለሚማር ልጅ ይሁን፣ እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አለ፣ እየሳቀ። አልዊን እራት ላይ ነገሩን ለኤዲት ሲያወራ ሹካዋን አኖረች።

«ሰው ጥሩምባውን ለምን ይሰጣል?»

«ደክሞት ይሆናላ።»

«ሂድና ጠይቀው።»

«ምን ብዬ?»

«ሳትጠማዝዝ።»

ሄደ። ሞሪስን ያገኘው ከደረቀው ኩሬ ዳር ተቀምጦ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ልታጠፋ ነው እንዴ?» አለው። ሞሪስ መጀመሪያ ሳቀ፣ «ጨዋታ የማታውቅ!» አለው። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። አልዊን አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሲጨልም ደግሞ ወደ ቤቱ ወሰደው። ኤዲት አልጋ አነጠፈችለት፣ በነጋታው ሐኪም ጋ ይዘውት ሄዱ። በአንድ ጊዜ አልዳነም። ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ከስቶ ተመለሰ፤ ሲሻለው፣ ሲብስበት፣ ከዓመት በላይ ቆየ። በዚያ በጋ ጓዱ ያለ ጥሩምባ፣ ለመስማት በሚያሳፍር ሁኔታ ተጫወተ። ጥሩምባው የተመለሰለት፣ የሌኒን እናት ያገኘውና ሌኒም የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባትሽን አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ጠይቄው ነበር» አላት አልዊን።

«አውቃለሁ፣ ነግሮኛል። እዚህ ሥራ የገባሁትም ለዚያ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ አልጋው ላይ ሆኖ፣ እኔ ከሄድኩ አልዊንን ማን ይጠይቀዋል አለኝ።»

አልዊን ወደ መስኮቱ ዞረ። 

«አንዳንድ ጠዋት፣ ባልነቃ ኖሮ ግድ አይሰጠኝም ነበር እላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከኤዲት ወዲህ። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። እውነቴን ነው።»

«ይሄን ለማን ነግረሃል?»

«ለውሻው።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እራቴን አለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው መጣ። ሌኒ ወንበሯን አስጠግታ እጁን ያዘች። ከዚያ ወደ ከተማዋ ሐኪም አብረው ደወሉ። ሐኪሟ ከነገ ወዲያ እንዲመጣ ነገረችው፤ አልዊን «ልጅ እግር ናት፣ ምን ታውቃለች» ብሎ አጉረመረመ፣ ግን ቀኑን የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፈ። ሄደም። የታዘዘለት መድኃኒት ሆዱን ስለረበሸው በሌላ ተቀየረለት፤ ረቡዕ ረቡዕ የምታነጋግረው ሴትም ተገኘችለት። ክረምቱ ሲወጣ ጠዋቶቹ እየቀለሉት መጡ፤ ሁሉም ባይሆኑም።

ኬኩን ይዛ በመጣችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሌኒ አዳራሹን ማየት ፈለገች። ዛሬ የእርሻ መሣሪያ ማስቀመጫ ሆኗል። አልዊን በትከሻው ገፍቶ በሩን ከፈተላት፤ በማረሻዎቹ መካከል ወለሉ ያው የድሮው ወለል ነበር፣ ለጭፈራ እንዲያንሸራትት በሰም ይወለወል የነበረው።

«እናትሽ እዚያ ጥግ ነበር የቆመችው» አላት። «አባትሽ ጥሩምባውን ጥሎ ከመድረክ እየወረደ ሦስት ጊዜ እንጨፍር አላት፣ ሦስቴም እምቢ አለችው። በአራተኛው ሲንደረደር አንሸራተተውና አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ በረረ። ሳቀችበት፣ እሱም ባንድ እግር ጫማ ይዟት ወደ መሃል ገባ።»

«ጫማውስ?»

«የቄሱ ሚስት ጭን ላይ ነው ያረፈው» አለ አልዊን፣ እየሳቀ። «ጭፈራው እስኪያልቅ አቅፋ ያዘችለት።»