በካዝና የታሸገ ደብዳቤ

እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ የድርጅቶችን ኢሜይል በአደራ በሚያስቀምጥ ቢሮ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ፊርማ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም። ባልደረቦቼ «ኸርሚኒያ ቤቷን ቆልፋ ወጥታ፣ መንገድ ላይ ተጠራጥራ ሦስት ጊዜ ትመለሳለች» እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው። ለመኩራራት አይደለም የማወራው፤ ጉዱ የመጣብኝ በዚሁ ነው።

የደንበኞቻችን ኢሜይል ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። የእያንዳንዱ ደንበኛ ቁልፍ፣ ረጅም የምስጢር ቁጥር ነው፣ የጫማ ካርቶን በምታህል በየራሱ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሳጥኗ የምትታዘዘው ሁለት ካርድ ሲገባባት ብቻ ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ጠበቃችን ቪላሉና ጋ። በካቻቢቴ ልፈልቅቃት የሚል ሌባ ቢመጣ ቁልፉን ራሷ ታጠፋዋለች።

ናናይ ፔርፔቱዋን፣ «ናናይ» እኛ ዘንድ እማማ ማለት ነው፣ ያወቅኋቸው ደንበኛችን የነበረ አንድ የመርከብ ኩባንያ የተዘጋ ሰሞን ነው። ልጃቸው ሩዌል የኩባንያው መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር። እሳቸው ኢሜይል አያውቁም፤ እሱ ከባሕር ላይ ለቢሮው ይልካል፣ ጸሐፊዋ አትማ ታነብላቸዋለች። አንድ ቀን ሩዌልን ማዕበል ወሰደው፤ አስከሬኑም አልተገኘም። የዚያን ዕለት ጠዋት የላከው ደብዳቤ ሳይታተም ቢሮው ተዘጋ። ጸሐፊዋ ይህንኑ ብትነግራቸው፣ ናናይ ቢቢንግካ የሚባለውን የሩዝ ዳቦ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው እኔ ዘንድ ከተፍ አሉ።

«ቁልፍ ያዥዋ አንቺ ነሽ አሉ። ልጄ፣ አንዷን ወረቀት ብቻ አውጪልኝ።»

«ናናይ፣ ባለቤቱ ኩባንያው ነው። ሁሉም ይጥፋ ብሎ ጽፎልናል።»

«የልጄን ደብዳቤ? እሱ ምን ቤት ነው!»

አንጀቴን በሉት። ሕጉን ገልጬ አየሁ፤ የሟች መብት ለወራሹ ይተላለፋል ይላል። ሮጬ ቪላሉና ቢሮ ገባሁ።

«ደግሞ ሕግ ልታስተምሪኝ መጣሽ?» አለ እየሳቀ።

«ሕጉን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ እናትየውን ነው የማውቃቸው። ማመልከቻውን ጻፍ!»

ጻፈ። ፍርድ ቤቱም ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ምንም ነገር እንዳይነካ አዘዘ።

ያኔ ነው ጥንቃቄዬ የተነሣብኝ። ሳጥኗ መደርደሪያ ላይ ሆና አንዱ ተሳስቶ ቢያጠፋትስ? ከመብራት ነቀልኳት፤ ጠቅልዬ፣ አሽጌ፣ እሽጉ ላይ ፈርሜ ካዝና ውስጥ ከተትኳት። ቪላሉናም ፈረመና «እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ነገሩ አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ናናይ በየወሩ እየመጡ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ሁሉ «ደህና ነው?» ይሉኛል።

«ካዝና ውስጥ ነው ናናይ። ዝንብ አያርፍበትም» እላቸዋለሁ።

በመጨረሻ ለእናት ይሰጥ ተብሎ ተወሰነ። ናናይ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። እኔና ቪላሉና እሽጉን ቆርጠን፣ ሳጥኗን መብራት ላይ ሰክተን፣ ካርዶቻችንን አስገባን። ባዶ ናት። ደግመን ሞከርን። ባዶ።

ቪላሉና ቀና ብሎ አየኝ። «ባትሪው» አለ።

ክው አልኩ። ሳጥኗ ከመብራት ስትነቀል ቁልፉን ይዛ የምትቆየው በውስጧ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ካዝና ውስጥ አልቃለች። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህንን የማስተምረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን የፈራሁት የሰው እጅ ብቻ ነበር። የቁልፉ ቅጂ እንዳይኖር ደግሞ ኩባንያው በውል አስፈርሞናል። እጄን በቆረጠው አልኩ።

ቪላሉና እኔ ልንገራቸው ቢለኝ እንቢ ብዬ ራሴ ወጣሁ።

«ናናይ፣ ጠፋ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እንባዬ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

«እና አሁን ምንም የለም?»

«ደብዳቤው አለ፤ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። ከእንግዲህ ማንም አይከፍተውም። የሚታየኝ የተላከበት ሰዓትና ርዝመቱ ብቻ ነው።» ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ጓጓሁና ጨመርኩ፦ «አምስት ገጽ ግድም ይሆናል።»

«አምስት?»

«አዎ ናናይ፣ አምስት።»

ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «ሩዌልኮ ከሦስት መስመር በላይ ጽፎልኝ አያውቅም። ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ። በቃ፣ ሁልጊዜ ይቺው ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አምስት ገጽ ሙሉ ምን ሊለኝ ነበር፣ ልጄ?»

ክንዴን ይዘው መልስ ጠበቁ።