አስራ ሁለተኛዋ ብልቃጥ

ሃዳስ አንድ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ የጫማዋን ክር ስታጠብቅ ስልኳ ጮኸ። ከላይ ነጭ ጋዋን፣ ከታች የእግር ኳስ ክለቧ ቀይ ካልሲ፤ ግማሿ ሳይንቲስት፣ ግማሿ ተከላካይ። ሁለቱም ግማሾች ዘግይተዋል።

«የት ነሽ?» አለች አሰልጣኟ ዲክላ። «አውቶቡሳችን መናኸሪያው፣ ታሃና መርካዚት ቆሟል። አስራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ቻው!»

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

«ከግማሽ ሰዓት በፊትም መጣሁ ብለሽኛል። ዛሬ ከጨዋታው ከቀረሽ ቦታሽ የተጠባባቂዋ የሲቫን ነው፤ ለዓመቱ በሙሉ።»

ሃዳስ ሰዓት ቆጣሪውን አየች። ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ከማለዳ ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ አንዲት ብልቃጥ ከሙቁ ውሃ እያወጣች በረዶ ውስጥ ስትከት ነው የዋለችው። አስራ አንዱ ወጥተዋል። አስራ ሁለተኛዋ ካለሰዓቷ ከወጣች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጨቅላ ያሳደገቻቸው የበረሃ ባክቴሪያዎች ገደል ገቡ ማለት ነው። ዓርብ ስለሆነ ደግሞ ተመራማሪው ሁሉ ለሰንበት ወደ ቤቱ ነጉዷል። ሕንጻው ውስጥ የቀረችው ኮሪደሩን የምትወለውለው እናቷ ሽታዬ ብቻ ናት።

«ምን ያቅበጠብጥሻል?» አለች ሽታዬ መወልወያዋን ይዛ ብቅ ብላ። «ወለሉ አልደረቀም።»

«ኢማ፣ በቃ!» አለቻት ሃዳስ እናቷን። «ያቺ ብልቃጥ አላስኬድ አለችኝ።»

«ማውጣትና በረዶ ውስጥ መክተት አይደል? ሰዓቱ ሲጮህ አወጣታለሁ።»

ሃዳስ ፊቷ ጋለ። ሽታዬ ይህን ላቦራቶሪ አስራ ሰባት ዓመት አጽድታለች፤ ጠረጴዛዎቹን ግን ነክታ አታውቅም። «የጽዳት ሠራተኞች እንዳይነኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አንዱን የለጠፈችው ሃዳስ ራሷ ናት።

«ሰንበት ሳይገባ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጥሻል እኮ። እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ሽኩና ቫቭ በእግርሽ ልትሄጂ ነው?»

«ታዲያስ? የምትሮጪበትን እግር ከማን ያገኘሽው መሰለሽ? ከአባትሽ እንዳትዪኝ ብቻ!»

ሃዳስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለእናቷ ጓንት አጠለቀችላትና በባዶ ብልቃጥ አንድ ጊዜ አሳየቻት። ሽታዬ ብልቃጧን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ያዘቻት።

«ሰዓቱ ሲጮህ ወዲያው፣ እሺ? አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳታልፍ።»

«አምስት ልጅ በሰዓቱ እያበላሁ አሳድጌ ብልቃጥ ያቅተኛል?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የሃዳስ ዓይን ክፍቱ መዝገብ ላይ አረፈ። «ናሙናውን ያወጣው» በሚለው ረድፍ ላይ ሃዳስ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ጠዋት ስሟን አስራ ሁለት ጊዜ ጽፋ ጨርሳለች።

«በስምሽ ይሁን፣ ተዪው» አለች ሽታዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ መሆኔን ካወቀ ያ አለቃሽ ኦሃድ ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን።»

ሃዳስ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ተመለሰች። የመጨረሻውን ስሟን ሰረዘችና ከጎኑ በትልቁ ጻፈች።

«ምን ጻፍሽ አንቺ?»

«ሽታዬ ገሠሠ።»

«እንዳይነኩ» የሚለውንም ወረቀት ከጠረጴዛው ገነጠለች፤ ከዚያ እርጥቡን ወለል እየረገጠች ሮጠች።